«የለም» የተባለው ደንበኛ፦ ወሎ ውስጥ እየተማሩ ሥራ ለሚጀምሩ ዝርዝር መመሪያ

ደሴ ተማሪ ሳለሁ የመጀመሪያ ሥራዬ የከሰረው ገዢ ጠፍቶ አልነበረም። እኔና የዶርም ጓደኛዬ በሶ አስፈጭተን በግማሽ ኪሎ እያሸግን ለግቢ ተማሪ እንሸጥ ነበር። በሶው ውሎ ሳያድር ያልቃል፤ እኛም ገበያው ደራልን ብለን ሌሊቱን ሙሉ ስለ ሱቅ ስናወራ እናድራለን። ወር ሲሞላ ብሩን ስንቆጥረው ከመነሻችን ያነሰ ሆኖ አገኘነው። በሸጥን ቁጥር ነበር የምንከስረው። እንዴት እንደሆነ ከታች በቁጥር አሳያችኋለሁ፤ ያን ስሌት ያን ጊዜ የሚያሳየን ሰው አግኝተን ቢሆን አንድ ሙሉ ወሰነ ትምህርት ባላባከንን ነበር።

አሁን ደሴ ላይ ትንሽ ሱቅ አለኝ። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ከደሴውም ከኮምቦልቻውም ግቢ፣ አንዳንዴም ከወልድያና ከመቅደላ አምባ የሚመጡ ተማሪዎች «ምን ብንሠራ ያዋጣናል?» እያሉ ይጠይቁኛል። በእኔ እምነት ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ እናንተ ባላችሁበት ቦታ ማን ምን ፈልጎ አጣ? ይህ መመሪያ ከዚያ ይነሳል። ምሳሌዬ ከዳር እስከ ዳር በሶ ነው፤ ፎቶ ኮፒ ለምትሠሩም፣ ጸጉር ለምትሠሩም፣ ስልክ ለምትጠግኑም መንገዱ ያው ነው።

አንደኛ፦ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ደብተር አውጡ

ከግቢ በር አጠገብ ወይም በሰፈራችሁ የምታውቁት ባለሱቅ ፈልጉና ሦስት ቀን አብራችሁት ዋሉ። ዕቃ አቀብሉ፣ መልስ ቁጠሩ፣ ጠርሙስ ደርድሩ። ደመወዝ አትጠይቁ። የሄዳችሁት ለአንድ ነገር ነው፦ ደንበኛ መጥቶ አንድ ነገር ጠይቆ ባለሱቁ «የለም» ባለ ቁጥር ደብተራችሁ ላይ ለማስፈር። ምን ጠየቀ፣ በስንት ሰዓት መጣ፣ ተማሪ ነው ወይስ የሰፈር ሰው፣ «የለም» ሲባል ሌላ ነገር ገዛ ወይስ ባዶ እጁን ተመለሰ?

ባለሱቁ ራሱ ይህን አይጽፍም። የሸጠውን አሳምሮ ያውቃል፤ ሊሸጠው ይችል የነበረውን ግን «የለም» ካለ በኋላ ይረሳዋል። ያ የተረሳው ደንበኛ ነው የእናንተ ገበያ። እኔ በሶ እንድጀምር ያደረገኝ በሦስት ቀን ውስጥ አሥራ አንድ ተማሪ «በሶ አለ?» ብሎ ሲመለስ ማየቴ ነበር። አሥራ አንዱም የመጡት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ያን ጊዜ በሶ የሚለውን ቃል ብቻ አየሁ እንጂ ሰዓቱን አላየሁም፤ በኋላ ግን ከበሶው ይልቅ የጠቀመኝ ሰዓቱ ሆነ።

ሦስቱ ቀኖች አንድ ዓይነት አይሁኑ። አንዱ የገበያ ቀን፣ አንዱ ተራ ቀን፣ ሌላው ዓርብ ቢሆን እመርጣለሁ። ወሎ ላይ ዓርብ ለብቻው የሚቆጠር ቀን ነው። ክርስቲያኑ ይጾማል፣ ሙስሊሙ ለጁምዓ ይወጣል፤ ከሰዓት በፊትና ከሰዓት በኋላ ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ያለው ሰው ከማክሰኞው ጋር በቁጥርም በሚገዛውም አይገናኝም። ቤተሰቦቻችሁ ባቲ ከሆኑ ደግሞ ሰኞን ቆጥራችሁ ማክሰኞንም ቁጠሩ። የሰኞ ገበያ ላይ ከአፋር ቆላና ከደጋው የሚወርደው ሰው ስንቅና ዕቃ ሸምቶ ይሄዳል፤ ማክሰኞ ቀሪው የከተማው ሰው ብቻ ነው። በሰኞው ግርግር ተደስቶ ሱቅ የተከራየ ሰው ስድስቱን ቀን ምን ሊሸጥ ነው?

ሁለተኛ፦ ሰው የሚለውንና የሚያደርገውን ለዩ

የእኛ አገር ሰው ፊት ለፊት «አልፈልግም» ማለት ይከብደዋል። «ብናመጣ ትገዛላችሁ?» ብላችሁ ብትጠይቁ «እንዴታ! ወላሂ እንገዛለን፣ አብሽሩ!» ይላችኋል። የሚለው ከልቡ ነው፤ ሊያበረታታችሁ ፈልጎ ነው። ግን ምርቃት ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም።

ይህን የተማርኩት በቲሸርት ነው። ከበሶው በኋላ ለተመራቂ ባች ቲሸርት ላሳትም ተነሳሁ። ስልሳ ሰው ስሙንና ልኩን ጻፈልኝ። ስልሳ አሳተምኩ። የወሰደው ሃያ ሦስት ሰው ነው። የቀረው ሠላሳ ሰባት ቲሸርት የባቹ ስም ስለታተመበት ለሌላ ሰው ሊሸጥ አልቻለም፤ ዕቃ መጥረጊያ አደረግነው። ስሙን ጽፎ የቀረውን ልጅ አልወቅስም፤ ስም መጻፍ ምንም አያስከፍልም።

ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጉ። መጀመሪያ፣ ስለሚመጣው ሳይሆን ስላለፈው ጠይቁ፦ «ባለፈው ሳምንት ማታ ሲርብህ ምን በላህ? ከየት ገዛህ? ስንት ከፈልክ? ምኑ አስጠላህ?» ያለፈውን የሚናገር ሰው ሊያስደስታችሁ ብሎ የሚጨምረው ነገር የለም። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሰው ብትጠይቁ መልሱ መደጋገም ይጀምራል፤ ያኔ አቁሙ። ወንድ ከሆናችሁ የምትጠይቁት የወንዶች ዶርም ብቻ እንዳይሆን እህቶቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሴቶች ከመሸ ከግቢ ወጥቶ መግዛት ስለማይመቻቸው ፍላጎታቸው የሚታየው በዶርማቸው ውስጥ ነው። በእኔ ደብተር ላይ ግማሹ ገበያ የጎደለው በዚህ ምክንያት ነበር።

ሁለተኛው ቀብድ ነው። በትእዛዝ ለሚሠራ ማንኛውም ነገር ግማሹን ቀድማችሁ ተቀበሉ። ይሉኝታ እንዳይዛችሁ፤ «ቀብድ ከሌለ ማተሚያ ቤቱ ሥራ አይጀምርልንም» በሉ፣ እውነትም ነው። ቀብድ ያልከፈለውን ስም ደብተራችሁ ላይ አትቁጠሩት።

ሦስተኛ፦ ቀን መቁጠሪያውን ዘርጉ

ወሎ ውስጥ ምግብ ነክ ሥራ የሚጀምር ሰው የሁለቱን ሃይማኖት ጾም፣ አንድ የትምህርት ዘመንና አንድ የዝናብ ወቅት በአንድ ወረቀት ላይ ካላሰፈረ የገበያውን ግማሽ አያይም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። የገና ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ። ረመዳን በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን ገደማ ወደፊት ይቀድማል። በ2017 ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ፤ በ2018ም ሁለቱም የካቲት ላይ ተገናኙ። እንዲህ ባለ ወር ደሴ ላይ በቀን ክትፎ ሊሸጥ ያሰበና የምስር ሳምቡሳ ሊሸጥ ያሰበ ሰው ዕጣቸው አንድ አይደለም። የምስር ሳምቡሳ ለጾመኛው ክርስቲያን ጾም ነው፣ ለሙስሊሙ ማፍጠሪያ ነው። አንድ መጥበሻ ላይ ሁለት ገበያ።

በሶም እንደዚያው ነው። በውኃ ይበጠበጣል፣ ዘይትና ቅመም ተደርጎበት ይጨበጣል፣ ጾም አያስፈታም፤ ለሱሁርም ሌሊት እሳት ሳያስነድድ ይጠጣል። ከማንም ቤት ይበላል፤ ሥጋ ቢሆን ኖሮ የክርስቲያን ነው የሙስሊም ነው የሚለው ጥያቄ ገበያችሁን ለሁለት ይከፍለው ነበር። እንግዲህ ወሎ የሚባለው አብሮ መኖር ለነጋዴ ወግ ብቻ አይደለም፣ የዕቃ ምርጫ ነው። ሁለቱም ወገን ሳይጠራጠር የሚገዛችሁን ነገር አስቀድሙ።

ከዚያ የትምህርቱን ካላንደር ጨምሩበት። ፈተና ሲቃረብ ማታ የሚያነብ ተማሪ ይበዛል፣ የሚበላ ነገርና ፎቶ ኮፒ ይፈለጋል። እረፍት ሲሆን ግቢው ጭር ይላል፤ ከእረፍቱ አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ዕቃ መግዛት አቁሙ። የአየሩንም ነገር አትርሱ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ጦሳ ተራራ ሥር ያለው ብርድ ሻይና ሹራብ ያሸጣል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ከፍታው 1,850 ሜትር ገደማ ነው፤ ቀዝቃዛ ውኃና ጭማቂ ነው የሚጠየቀው። በታክሲ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ደንበኛው ተለወጠ ማለት ነው። ደሴ ላይ የተሳካውን እንዳለ ቀድታችሁ ኮምቦልቻ አትውረዱ።

አራተኛ፦ ዋጋ ከመጥራታችሁ በፊት መዝኑ

ቃል የገባሁላችሁ ስሌት ይኸውና። ዋጋዎቹን ለስሌት እንዲመቹ አድርጌ ነው የወሰድኳቸው፤ እናንተ የዛሬውን የገበያ ዋጋ ተኩባቸው።

10 ኪሎ ገብስ ኪሎውን በ80 ብር ገዛን፣ 800 ብር። ፈትጋ ለምትቆላልን እናት 150። ለወፍጮ 60። ለባጃጅ ደርሶ መልስ 90። ድምሩ 1,100 ብር። ከዚያ እንዲህ ብለን አሰብን፦ 10 ኪሎ ማለት ሃያ ግማሽ ኪሎ ነው፤ አንዱ ከረጢት 5 ብር፣ የሃያው 100 ብር፤ 1,200 ለሃያ ሲካፈል 60 ብር። በ80 ብንሸጥ ከአንዱ 20 ብር እናተርፋለን። ወረቀት ላይ የሚያምር ነገር ነው።

ገብስ ግን ሲፈተግ ገለባው ይሄዳል። ሲቆላ እርጥበቱ ይሄዳል። ሲፈጭ ወፍጮው ውስጥ የሚቀር አለ፣ ሲነፋም የሚወድቅ አለ። 10 ኪሎ ገብስ 10 ኪሎ በሶ አይሆንም። እኛ ደግሞ በሶውን በአንድ ጆንያ አስቀምጠን በተጠየቅን ቁጥር ነበር የምናሽገው፤ ስንት ከረጢት እንደወጣው ቆጥረን አናውቅም። ገቢውም ወጪውም ከአንድ ኪስ ነበር፣ ከዚያው ኪስ ሻይም እንጠጣለን።

ነገሩን ያወቁብን የምትቆላልን እናት ናቸው። አንድ ቀን ብረት ምጣዱን እያወረዱ «ልጆቼ፣ የቆላሁትን መዝናችሁ ታውቃላችሁ?» አሉን። ዝም አልን። ከጎረቤት ሚዛን አስመጡና አስመዘኑን። ከዚያም «ወፍጮ ቤት ደርሳችሁ ስትመለሱ ደግሞ መዝኑት» አሉ። ተመልሰን ነፍተን ስንመዝነው ሰባት ኪሎ ሆነ። ሰባት ኪሎ አሥራ አራት ከረጢት ነው። 1,100 ላይ የአሥራ አራት ከረጢት 70 ብር ሲጨመር 1,170። ለአሥራ አራት ሲካፈል አንዱ ከረጢት 84 ብር ገደማ ያወጣል። እኛ 80 ነው የምንሸጠው! አሥራ አራቱን ሸጠን 1,120 ብር እናገኛለን፣ በእያንዳንዱ ዙር 50 ብር እንከስራለን። ብዙ በሸጥን ቁጥር ብዙ ከሰርን።

ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. የገዛችሁትን ጥሬ ዕቃ መዝኑ፤ ለገበያ የደረሰውንም መዝኑ። የሚከፈለው በደረሰው ነው። ለፎቶ ኮፒ ከሆነ የተበላሸውን ወረቀት ቁጠሩ፤ ለጭማቂ ከሆነ የተጣለውን ልጣጭ።
2. ትንንሾቹን ወጪዎች ጻፉ፦ ባጃጅ፣ ተሸካሚ፣ ከረጢት፣ የስልክ ካርድ፣ ለቀማሽ የሰጣችሁት።
3. የራሳችሁን ሰዓት ቁጠሩ። በ110 ብር ብንሸጥ 1,540 እናገኛለን፣ 370 ብር ይተርፋል። ለሁለት ሰው አምስት አምስት ሰዓት ከፈጀ አሥር ሰዓት ነው፤ አንዱ ሰዓት 37 ብር። ይህ ለእናንተ ይበቃል ወይ? መልሱ የእናንተ ነው፣ ግን ቁጥሩን ሳታውቁ አትመልሱት።
4. መሣሪያ ለመግዛት ስታስቡ በዙር ቁጠሩት። ሚዛንና ማሸጊያ በ3,700 ብር ብትገዙ የአሥር ዙር ትርፍ ሙሉ በሙሉ የሚሄደው ወደዚያ ነው። አሥር ዙር እስክትሸጡ ድረስ ተዋሱ ወይም ተከራዩ።
5. በየዙሩ ዋጋውን እንደገና አስሉ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ወረቀት፣ ቀለም፣ ከረጢትና የስልክ መለዋወጫ የመሳሰለው ከውጭ የሚገባ ዕቃ ባለፈው ወር በገዛችሁበት ዋጋ ላይገኝ ይችላል። ዋጋችሁ ዕቃውን ዳግም ሊገዛላችሁ ካልቻለ ትርፍ አይደለም።

ስለ ወፍጮም አንድ ነገር ልበል። ከእኛ ወረፋ በፊት የቅመም ሽሮ ተፈጭቶ ኖሮ አንድ ዙር በሶ ሽሮ ሽሮ ብሎ ተመልሶብናል። ወፍጮ ቤት ስትደርሱ ከፊታችሁ ምን እንደተፈጨ ጠይቁ፤ ከገብስ ወይም ከስንዴ በኋላ እንዲፈጭላችሁ ጠብቁ። ግማሽ ሰዓት መጠበቅ አሥራ አራት ደንበኛ ከማጣት ይሻላል።

አምስተኛ፦ በአሥራ አራት ከረጢት ሞክሩ

አንድ ዙር ብቻ አዘጋጁ። ሸጣችሁ ስትጨርሱ አትደሰቱ፤ የመጀመሪያውን ከረጢት ጓደኛም ይገዛል፣ ያዘነላችሁም ይገዛል። የምትጠብቁት ሳትጠሩት ተመልሶ የሚመጣውን ነው። ለእያንዳንዱ ገዢ ቀኑን ጻፉ፤ ከአሥራ አራቱ አራት ወይም አምስት ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ከተመለሰ ሁለተኛውን ዙር ሥሩ። አንድ ብቻ ከተመለሰ ዕቃውን አትጨምሩ፤ ያልተመለሱትን ሄዳችሁ ጠይቁ። ይህ የእኔ መስፈሪያ ነው፣ ለበሶ ነው የሚሠራው፤ ቲሸርትን ወይም ጥገናን በዚህ አትለኩ።

ስትጠይቁ «ጥሩ ነበር?» አትበሉ፤ «ጥሩ ነበር» ነው የሚባለው። «አልቋል ወይስ ተርፏል?» በሉ። ተርፎ መሳቢያ ውስጥ ከሆነ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። የእኛን በሶ አንዲት ተማሪ አውጥታ ስታሳየን እርጥበት ገብቶት ጓጉሎ ነበር። አንዴ የተከፈተ ከረጢት ተመልሶ አይዘጋም፣ ያለንበት ደግሞ ደሴ ነው፣ ጉሙ ክፍል ድረስ ይገባል። የሚታሰር ከረጢት ከገዛን በኋላ ተመላሹ በዛ። ይህን ማንም በቃል አልነገረንም፤ መሳቢያው ነው የነገረን።

ስድስተኛ፦ ከባለሱቁ ጋር በዋጋ አትጋጠሙ

ተወዳዳሪ መሆን ሲባል ተማሪ የሚመጣለት ዋጋ መቀነስ ነው። በዚህ አጥብቄ ነው የምቃወመው። ፒያሳ ያለው ነጋዴ በኩንታል ከጅምላ ያመጣል፤ እናንተ በ10 ኪሎ። እሱ 5 ብር ቢቀንስ ይኖራል፤ እናንተ ብትቀንሱ ትዘጋላችሁ። ደብተራችሁን መልሳችሁ ክፈቱና ሰውዬው የማይችለውን ፈልጉ። የእኔ አሥራ አንድ ደንበኞች የመጡት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ነበር፤ ባለሱቁ ያን ጊዜ ሊዘጋ ነው። እኛ ዶርም ነን። ከሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ግቢው ውስጥ በሶ ያለው እኛ ጋ ብቻ ነበር፤ 110 ብር ብለን ስንጠራ ያጉረመረመ ሰው ጥቂት ነው።

ከሰዓት ሌላ መጠንም አለ። ባለሱቁ በኪሎ ይሸጣል፣ ተማሪ የአንድ ሌሊት ነው የሚፈልገው። ንጽሕናም አለ፤ በእጅ ተጨብጦ በጋዜጣ የተጠቀለለና ታጥቦ በደረቀ ዕቃ ታሽጎ የመጣ አንድ አይደሉም። የመጣበት ቦታም አለ፤ «የለጋምቦ ደጋ ገብስ ነው» ብላችሁ ስትጽፉ እውነት ይሁን፣ ገብሱን ያመጣውን ሰው የምታውቁት ከሆነ ብቻ ጻፉት። ከጎኑ ትንሽ የአምባሰል ማር ብታስቀምጡ የሚገዛ አይጠፋም፤ ግን ማሩ ስኳር የተቀላቀለበት ሆኖ የተገኘ ቀን በሶውም አብሮ ይጠረጠራል። ግቢ ውስጥ ወሬ ከመመገቢያ አዳራሽ እስከ ቤተ መጻሕፍት ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም።

ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ የፋብሪካውን ሰዓት ተመልከቱ። ከ2009 ጀምሮ ያለው የኢንዱስትሪ ፓርክም ሆነ የቆዩት ፋብሪካዎች ሠራተኛ የሚወጣው በፈረቃ ነው፣ የሚገዛውም በዚያች ሰዓት ነው። የወሩ የመጀመሪያ ሳምንትና የመጨረሻው ሳምንት የሚገዛው መጠን ይለያያል። የፈረቃ መውጫ ላይ ሦስት ምሽት ቆማችሁ ቁጠሩ፤ በር ላይ ያለችው ቡና የምታፈላ ሴት ከማንኛውም ጥናት በላይ ትነግራችኋለች። ጨዋታ ስትይዙ ግን ቡናዋን ገዝታችሁ ጠጡ።

ሰባተኛ፦ ዱቤ፣ ቴሌብርና ኪስ

ተማሪ ለተማሪ ዱቤ መከልከል አይቻልም፤ አብራችሁ ትኖራላችሁ። ልክ አብጁለት። ለአንድ ሰው ከአንድ ከረጢት በላይ ዱቤ የለም፣ ያለፈው ሳይከፈል ሌላ የለም፣ በጠቅላላው ከአንድ ዙር ሦስት ከረጢት በላይ በዱቤ አይወጣም። ይህን በወረቀት ጽፋችሁ ዶርማችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ እምቢ የሚለው ወረቀቱ ይሁን እንጂ እናንተ አትሁኑ። «ወንድሜ፣ ወረቀቱን እይልኝ» ማለት ይበቃል፤ ጓደኝነትም አይበላሽም።

ከግንቦት 2013 ወዲህ ቴሌብር ስላለ አብዛኛው ተማሪ በስልክ ይከፍላል። ለሥራው የተለየ ቁጥር ያዙ። የከፈለበትን ምስል አሳይቷችሁ የሚሄድ ደንበኛ ካለ ምስሉን ሳይሆን እናንተ ስልክ ላይ የገባውን መልእክትና ቀሪ ሒሳብ እዩ፤ ምስል ይቀነባበራል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ *127# እንደሚሠራ አስተምሯቸው። በእኛ አካባቢ ያለ ዳታ የተኖረበት ወቅት ረጅም ስለነበር ይህን የማያውቅ ሻጭ ብዙ ቀን ባዶውን ውሏል።

ደብተሩ ላይ በየምሽቱ አራት ነገር ብቻ ጻፉ፦ የገባ፣ የወጣ፣ በዱቤ ያለ፣ ዛሬ «የለም» ያልነው። አራተኛውን አትዝለሉ፤ አሁን እናንተም ባለሱቅ ሆናችኋልና የምትረሱት ደንበኛ አላችሁ። ለራሳችሁ ሳምንታዊ ክፍያ ወስኑ፣ ትንሽም ቢሆን፤ ሻይ ከዚያ ይጠጣ። ካለው ትርፍ ሁሉንም ዕቃ አታድርጉት። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ያለውን ሁሉ ዕቃ አድርጎ የነበረ ብዙ ነጋዴ ባዶ እጁን ቀርቷል። አንድ ክፍል በባንክ፣ አንድ ክፍል በእቁብ ይሁን።

ስምንተኛ፦ ከጓደኛ ጋር በወረቀት ተዋዋሉ

ማን ስንት አወጣ፣ ማን ምን ይሠራል፣ ትርፉ እንዴት ይካፈላል፣ አንዱ ፈተና ላይ ሲሆን ማን ይሸፍናል፣ አንዱ መውጣት ቢፈልግ ብሩ በስንት ጊዜ ይመለስለታል። አንድ ገጽ ይበቃል። ሁለታችሁም ፈርሙ፣ አንድ ምስክር ይኑር። እኔና ጓደኛዬ ይህን ያደረግነው ከተኳረፍን በኋላ ነው፤ ከመኳረፉ በፊት ቢሆን አሥር ደቂቃ ነበር የሚፈጀው።

ዘጠነኛ፦ ወረቀቱ

ግቢ ውስጥ ከመሸጣችሁ በፊት የተማሪዎች አገልግሎት ቢሮን ፈቃድ ጠይቁ፤ ሳይፈቀድ የተገኘ ዕቃ ሊወሰድባችሁ ይችላል። የሥራ ፈጠራ ማዕከል ያለው ዩኒቨርሲቲ ከሆነ እዚያ ተመዝገቡ፤ ሥልጠናው በራሱ ጥሩ ነው፣ ከዚያ በላይ ግን የሚጠቅመው የሚያስተዋውቃችሁ ሰው ነው። ከግቢ ወጥታችሁ ሱቅ ስትይዙ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የንግድ ምዝገባና የንግድ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድ የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፤ ከዚያ ካለፈ ቅጣት አለው። ብድር ስትፈልጉ የቀድሞው አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም)፣ የአሁኑ ጸደይ ባንክ ጋ መሄድ ትችላላችሁ፤ ይዛችሁ የምትሄዱት ያው ደብተር ነው። የስድስት ወር ገቢና ወጪ በቀን በቀን የተጻፈበት ደብተር ያለው ተማሪ ሲናገርም ይታመናል።

አሥረኛ፦ ሐምሌ ከመግባቱ በፊት

የተማሪ ሥራ የሚሞተው በኪሳራ ብቻ አይደለም፤ በምረቃም ነው። ሐምሌ ላይ እናንተም ትሄዳላችሁ፣ ግማሹ ደንበኛችሁም ይሄዳል። ሥራው እንዲቀጥል ከፈለጋችሁ ከመመረቃችሁ አንድ ወሰነ ትምህርት ቀድማችሁ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ አስገቡ፤ መጀመሪያ ሻጭ፣ ቀጥሎ ሒሳብ ያዥ ይሁን። ስታስረክቡ የምትሸጡለት ሚዛኑንና ማሸጊያውን ብቻ አይሁን። ሲቆሉ የቆዩትን እናት ቤታቸው ድረስ ወስዳችሁ አስተዋውቁት፣ የወፍጮ ቤቱን ልጅ ስም ንገሩት፣ የገብሱን ነጋዴ ስልክ ስጡት። ያልተከፈለ ዱቤ ካለ ከሒሳቡ ቀንሱለት፤ እናንተ ያላስመለሳችሁትን እሱ አያስመልሰውም።

እኛ ያስረከብናት ልጅ መጀመሪያ የጠየቀችን የ«የለም»ውን ገጽ ነበር። ባለፉት ሦስት ወራት ዘጠኝ ጊዜ «ማሽላ በሶ አለ?» ተብሎ ተጽፎ አገኘች። እኛ አይተነው አልፈነው ነበር።